ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቆ መደገፍ

የ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲጠናቀቅ፣ ፋሲል ከነማ ወደ መጨረሻው ጨዋታ የገባው ሊጉን እየመራ ነበር። መቐለ 70 እንደርታ በአንድ ነጥብ ይከተለዋል። ፋሲል ስሑል ሽሬን ካሸነፈ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣል፤ ሌላ ስሌት አያስፈልገውም። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። መቐለ በበኩሉ ድሬዳዋ ከተማን 2 ለ 1 ረታ። ሰንጠረዡ 59 ለ58 ሆኖ ተዘጋ፤ ዋንጫውም መቐለ ገባ።

በአንዲት ነጥብ መቀደም ጎንደርን ምን ያህል እንዳንገበገበ ለማንም ግልጽ ነው። የሚገርመው ከጎንደር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው እንጅባራም ሆነች ከእርሷ ወዲህ ያለችው ዳንግላ ያንን ሰኔ አለመርሳታቸው ነው። የአዊ ዞን ኳስ ወዳዶች ከሥራ መልስ ተሰብስበው የሊጉን ነገር ሲያነሡ አንዱ «በአንዲት ነጥብ እኮ ነው!» ብሎ ይቆጫል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ፈገግ ይላል። ፈገግ ያለው የማን ደጋፊ እንደሆነ መጠየቅ አያሻም፤ የባሕር ዳር ከተማ ነው።

አዊ ዞን በፕሪሚየር ሊጉ የሚወዳደር የራሱ ክለብ ኖሮት አያውቅም። የዞኑ ደጋፊ ክለቡን የሚያገኘው ተወልዶበት ሳይሆን መርጦት ነው። ቅርበት የሚያይ ባሕር ዳርን ይይዛል፤ ከዳንግላ ሰማንያ፣ ከእንጅባራ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ዋንጫ የሚያይ ዓይኑን ወደ ፋሲል ይጥላል። በሬዲዮ ዘመን ያደገ፣ ወይም አዲስ አበባ ሠርቶ የተመለሰ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም ኢትዮጵያ ቡናን ይዞ ይመጣል። በአንድ ቤት ውስጥ የጊዮርጊሱ አባት «ሳንጅዬ»፣ የፋሲሉ ልጅ «ዐፄዎቹ»፣ አክስት ደግሞ «ኧረ ተዉን» ሊሉ ይችላሉ።

እንዲህ ያለው ደጋፊ አንድ ችግር አለበት። ጎንደር ፒያሳ ያደገ ልጅ የፋሲል ደጋፊ መሆኑን ለማስረዳት ምንም ማለት አይጠበቅበትም፤ ሰፈሩ ይናገርለታል። የዳንግላው ልጅ ግን «አንተን ምን አገባህ?» ይባላል። መልሱ ብዙውን ጊዜ ስለ ክለቡ ሳይሆን ስለ ባላንጣው ነው። ማንን እንደሚወድ ከሚናገረው ይልቅ ማን ሲሸነፍ ደስ እንደሚለው የሚናገረው ቶሎ ይታመንለታል። ከሩቅ ሆኖ የሚደግፍ ሰው የውድድር ዓመቱን የሚለካውም በዚሁ ነው፤ ቡድኑ አሥረኛ ቢወጣም ባላንጣውን ከረታ ዓመቱ መልካም ነበር።

ለአዊ ደጋፊ ይህን ሚዛን የሚያቀርቡለት ጎንደርና ባሕር ዳር ናቸው። ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው። የጣና ሞገዶቹ የሚባሉት የባሕር ዳር ልጆች የተከተሉት በ2011 ሲሆን፣ በገቡበት ዓመት ጎረቤታቸው ዋንጫን ያህል ነገር በአንድ ነጥብ ሲያጣ አዩ። ዐፄዎቹ ግን ብዙ አልቆዩም። በ2013 በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነታቸውን አገኙ። የዚያ ዓመት ኮከብ ግብ አግቢ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነበር፤ 29 ጎሎችን አስቆጥሮ ጌታነህ ከበደ በደደቢት ማልያ ያስመዘገበውን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። የፋሲሉ ሙጂብ ቃሲም በ20 ጎል ሁለተኛ ሆነ። የፋሲል ደጋፊ እዚህ ላይ ፈጥኖ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ ኮከብነቱ ለቡና፣ ዋንጫው ለእኛ!

ባሕር ዳር መልስ ለመስጠት ሁለት ዓመት ጠበቀ። በ2015 በአሰልጣኝ ደግአረገ ይግዛው እየተመራ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ አጠናቀቀ፤ በዚህም ለመጀመሪያ ጊዜ የአህጉራዊ ውድድር ትኬት ቆረጠ። ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር በሁለቱ ደጋፊዎች መካከል እስካሁን ክርክር የሚያስነሣው ነው፤ በኮንፌዴሬሽን ካፕ የደረሰው የታንዛኒያው አዛም ነበርና።

አዛም ለፋሲል የታወቀ ስም ነው። በነሐሴ 2011 ዐፄዎቹ ከዚሁ ክለብ ጋር ተገናኝተው ነበር። የጎንደሩ ሜዳ ለአህጉራዊ ጨዋታ ስላልበቃ የሜዳቸውን ጨዋታ ያደረጉት ባሕር ዳር ላይ ነው፤ 1 ለ 0 አሸነፉ። ታንዛኒያ ላይ 3 ለ 1 ተሸንፈው ከውድድሩ ወጡ። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው በነሐሴ ወር፣ በዚያው ውድድር፣ ያንኑ አዛም ባሕር ዳር ከተማ በመለያ ምት አሰናበተው። ዕጣ ያወጣው ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ነው የሚያስብል ነገር ነው። በቀጣዩ ዙር የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን አስቆመው እንጂ የባሕር ዳር ደጋፊ የሚፈልገውን አግኝቶ ነበር፤ «እናንተን የጣለውን እኛ ጣልነው»።

የፋሲል ደጋፊም ዝም አይልም። በመስከረም 2014 ቡድኑ በሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር በሜዳው 2 ለ 2፣ ከሜዳው ውጪ 1 ለ 1 ተለያይቶ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ከሜዳ ውጪ በሚቆጠር ጎል ሕግ ወጥቷል። በ2014 ደግሞ በሊጉ ሁለተኛ ነበር። ስለዚህ የጎንደሩ ወገን ሒሳቡን እንዲህ ያቀርባል፤ በአራት የውድድር ዓመት አንድ ዋንጫና ሁለት ሁለተኛነት፣ በእናንተ በኩል አንድ ሁለተኛነት። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፤ ክርክሩም የማያልቀው ለዚህ ነው።

በዚያ ነሐሴ 2015 ግን ባሕር ዳር እንደልቧ መፎከር አልቻለችም። በአማራ ክልል ግጭት ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተዘግቷል። የክለቡ ትልቁ የአህጉር ድል የመጣው የከተማው ሰው ፌስቡክ ከፍቶ ፎቶ መለጠፍ ባልቻለበት ወር ነው። የሜዳው ጨዋታም የተካሄደው አዲስ አበባ እንጂ ጣና ዳር አልነበረም። ለዳንግላና ለእንጅባራ ደጋፊ ይህ እንግዳ ስሜት አልነበረም። እነርሱ ድልን ሁልጊዜ የሚሰሙት ከሩቅ ነው።

የአገሪቱ አንጋፋ ፉክክር ግን አዲስ አበባ ላይ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ ክለብ ነው። ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ ስሙን ቀይረው «ሊቶሪዮ» አሉት። የክለቡ ታላቅ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ ማልያ ተጫውተዋል፤ ኋላም ከ1972 እስከ 1987 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መርተዋል። ኢትዮጵያ ቡና የመጣው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ከቡና ሠራተኞች መካከል ነው። ቡናማዎቹ ፕሪሚየር ሊጉን ያሸነፉት በ2003 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን አሰልጣኛቸው ውበቱ አባተ ነበሩ፤ በ2011 ፋሲልን ለዚያች አንዲት ነጥብ ያደረሱትም እሳቸው ናቸው። በዋንጫ ብዛት ጊዮርጊስንና ቡናን ማወዳደር አይቻልም። የሸገር ደርቢ ግን በዋንጫ ብዛት አይመዘንም። ቡና በወራጅ ቀጠና አፋፍ ላይ ሆኖም ቢሆን ጊዮርጊስን ሲረታ ደጋፊው ሌላውን ሁሉ ይቅር ይላል።

ይህ ነገር የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አይደለም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሚያዘጋጁት የራሳቸው የእግር ኳስ ዓይነት፣ ማለትም በእጅ በሚያዘው ሞላላ ኳስ፣ ደጋፊነት ከዚህም ይበረታል። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ስታዲየሞቹ ግን የአገር ናቸው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አን አርበር በምትባለው መካከለኛ ከተማ ያለው ሜዳ ከ107 ሺህ በላይ ተመልካች ያስቀምጣል፤ ከተማዋ ራሷ ከዚያ ብዙም ያልበለጠ ነዋሪ ነው ያላት። ባላንጣው የጎረቤት ግዛት ዩኒቨርሲቲ ኦሃዮ ስቴት ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በኮሎምበስ ከተማ ይገኛል። ሁለቱ የሚጫወቱት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1897 ጀምሮ ነው። ጠቡ ግን ከኳሱም ይቀድማል። በዚያው አቆጣጠር በ1835 ቶሊዶ የምትባል ከተማ የማን ናት በሚል ሁለቱ አገረ ገዢዎች ሚሊሺያ እስከ ማሰለፍ ደርሰው ነበር። ከተማዋ ለኦሃዮ ስትሰጥ ሚሺጋን በካሣ ሰሜናዊውን መሬት ወሰደ።

በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 2017 ዓ.ም. የሆነውን ያየ የእንጅባራን ደጋፊ ይረዳል። በዚያ ዓመት ደካማ የነበረው ሚሺጋን፣ በአገሪቱ ደረጃ ሁለተኛ የነበረውን ኦሃዮ ስቴትን በገዛ ሜዳው 13 ለ 10 አሸነፈ። በተከታታይ አራተኛ ድሉ ነበር። ኦሃዮ ስቴት ከዚያ ሽንፈት ተነሥቶ ጥር ላይ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫውን ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ቡድን ደጋፊ እንኳ «ሚሺጋንስ?» ከሚለው ጥያቄ አላመለጠም። የእኛ አገር ደጋፊ ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ጎረቤትነት ለፉክክር ነዳጅ ነው። ሩቅ ያለ ቡድን ቢያሸንፍህ ነገ አታገኘውም። ጎረቤትህ ካሸነፈህ ግን በገበያም፣ በሠርግም፣ በለቅሶም ትገናኛላችሁ። ለዚህም ነው ፉክክሩ ጎረቤት ለጎረቤት በሜዳ መገናኘቱ ሲቀር ጣዕሙ የሚለወጠው።

በኢትዮጵያ የሆነውም ይኸው ነው። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መታየት ጀመረ፤ ስምምነቱ ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ኮሮና በነበረበት፣ የቀጥታ ስርጭት መሣሪያውንም በየሳምንቱ በየከተማው ማዞር በማይቻልበት ሁኔታ ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለጥቂት ሳምንታት ይጫወቱና ወደ ሌላው ይሸጋገሩ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት አስተናጋጆቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። ፋሲል ያንን ታሪካዊ ዋንጫ ሲያነሣ አንድም የሊግ ጨዋታ ጎንደር ላይ አላደረገም። በ2015 ሊጉ የተከፈተው ባሕር ዳር ላይ ነበር፤ ግጭቱ ከተነሣ በኋላ በነበረው በ2016 ግን ያስተናገዱት አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ናቸው።

ለክለቦቹ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ተጫዋቾች በሌሎች የአፍሪካ ክለቦች ዘንድ መታየት ጀመሩ፤ አቡበከር ናስር ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ያቀናው ከዚያ ዘመን በኋላ ነው። ለደጋፊው ግን አዲስ ነገር ተፈጠረ። የባሕር ዳር ነዋሪም የክለቡን ጨዋታ የሚያየው እንደ ዳንግላው በስክሪን ሆነ። ሰማንያ ኪሎ ሜትሩ ትርጉም አጣ። «አንተን ምን አገባህ?» የሚለው ጥያቄም እንዲሁ፤ ሁለቱም እኩል ሩቅ ናቸውና። የአዊ ደጋፊ ሲጠላው የኖረው ርቀት በአንድ ስምምነት ለሁሉም ተዳረሰ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከልብ የሚያዝን የእንጅባራ ሰው ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው።

ብሔራዊ ቡድኑም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ ዋልያዎቹ በኅዳር 2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ በመጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ሲረቱ፣ ከዳንግላ በጠዋት ተነሥቶ ጨዋታ አይቶ ማታ መመለስ የሚቻል ነገር ነበር። በ2014 መጀመሪያ ላይ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም አለ። ከዚያ በኋላ «የሜዳ» ጨዋታ የሚደረገው በሰው አገር ሆነ። በሰኔ 2014 ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያስቆጠሩባት «ሜዳችን» ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበረች።

ከሩቅ መደገፍ የሚያድነው ነገርም አለ። በኅዳር 2010 ወልዲያ ላይ በወልዲያና በመቐለ ከተማ ጨዋታ ዙሪያ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በእነዚያ ዓመታት የክለብ ስም ከክልል ስም ጋር ተጣብቆ ስለነበር፣ የትግራይና የአማራ ክለቦች ሲገናኙ ማን ኳስ እንደሚያይና ማን ሌላ ነገር እንደሚፈልግ መለየት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። የትግራይ ሦስቱ ክለቦች በትግራዩ ጦርነት ምክንያት ለዓመታት ከሊጉ ርቀው በ2017 ሲመለሱ ብዙ ደጋፊ እፎይ ያለው፣ ባላንጣ መመለሱ ሰላም መምጣቱን ስለሚያሳይ ነው። አሜሪካም ነፃ አይደለችም። ከ13 ለ 10ሩ ጨዋታ በኋላ የሚሺጋን ተጫዋቾች ባንዲራቸውን በኦሃዮ ሜዳ መሀል ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሥቶ ፖሊስ በርበሬ ነክ ጋዝ ረጭቷል፤ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች መቶ መቶ ሺህ ዶላር ተቀጥተዋል።

ፉክክርን እንዴት መያዝ እንደሚቻል ለማየት የአዊ ሰው ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዛሬ ከሃምሳ ሺህ በላይ አባላት አሉት። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ በዓሉን ያከብራል። ያጌጡ ፈረሶች ይሰለፋሉ፤ ግልቢያው፣ ጉግሱ፣ ስግሪያው ይካሄዳል። ባንጃ፣ አንከሻ፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ አዘና፣ ጫራና መተከል የሚባሉት ሰባቱ ቤቶች ከአንድ ሥር የተነሡ ወንድማማቾች ናቸው ይባላል። ወንድማማችነቱ ግን ፈረስ ላይ ሲወጣ ቀዝቀዝ ይላል። የማን ፈረስ ቀደመ፣ የማን ጋላቢ ጉግሱን በቅጡ መከተ የሚለው ክርክር በዓሉ ካለፈ በኋላም ይነሣል። (ቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብም ቅጽል ስሙ «ፈረሰኞቹ» ነው፤ ለእንጅባራ የሳንጅዬ ደጋፊ ከዚህ የተመቸ አጋጣሚ የለም።)

ከስታዲየሙ የሚለየው ከውድድሩ በኋላ ያለው ነው። ማኅበሩ የፈረስ ክበብ ብቻ አይደለም። አባል ሲሞት በፈረስ አጅቦ ይቀብራል፤ ሰው ሲጣላ ያስታርቃል። ጥር ላይ የተፎካከሩት ሁለት ሰዎች ሚያዝያ ላይ በአንድ የእርቅ ጉባኤ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። የእግር ኳስ ደጋፊ ማኅበራት ከዚህ የሚጎድላቸው ብዙ ነገር ነው፤ አብዛኞቹ የሚገናኙት ጨዋታ ባለበት ቀን ብቻ ነውና። ደጋፊው ከደጋፊ ጋር የሚተዋወቀው በዘፈንና በስድብ ብቻ ከሆነ፣ ሜዳ ላይ ነገር ሲበላሽ የሚገላግል ሰው ከየት ይመጣል?

ቅዳሜና እሑድ ግን የዳንግላም የእንጅባራም ዋናው ሜዳ የዲኤስቲቪ ቤት ነው። መግቢያ ይከፈላል፤ አግዳሚ ወንበሩ ይሞላል፤ የዘገየ ቆሞ ያያል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ በምትገኘው እንጅባራ የማታ ጨዋታ የሚያይ ሰው ጋቢውን ይዞ ይመጣል። ክርክሩ በአዊዎቹ ቋንቋ በአውኚ ይጀመርና በአማርኛ ይቀጥላል፤ የተጫዋች ስም ሲደርስ ሁሉም አንድ ቋንቋ ይናገራል። እዚህ ቤት ፋሲልና ባሕር ዳር ለአፍታ ይረሳሉ፤ ነገሩ አርሴ እና ማንቼ ነው።

የአርሴናል ደጋፊ በተከታታይ ሦስት ዓመት፣ ከ2015 እስከ 2017፣ ቡድኑ ሁለተኛ ሲወጣ አይቷል። ለፌዝ ያልተመቸ ነገር ነው ማለት አይቻልም። ግን በ2017 ማንችስተር ዩናይትድ አሥራ አምስተኛ ሆኖ፣ በፕሪሚየር ሊግ ታሪኩ ዝቅተኛውን ደረጃ ይዞ ጨረሰ፤ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተረታ። የዚያ ዓመት የአርሴ ደጋፊ ዋንጫ አላገኘም፤ ሰኔን ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ነው ያሳለፈው። ለንደንም ሆነ ማንችስተር ረግጦ የማያውቅ ሰው በማንቼ አሥራ አምስተኛነት ከልቡ ሲደሰት የሚያይ፣ ከላይ የተባለውን ነገር ይበልጥ ያምናል፤ ሩቅ ያለ ደጋፊ ክለቡን አጥብቆ የሚይዘው በባላንጣው በኩል ነው።

በእርግጥ ለእንግሊዝ ክለብ ያለው ፍቅር የአገር ውስጡን ጎድቷል የሚሉ አሉ፤ ልክም ናቸው። በዚያው በ2017 የኢትዮጵያን ሊግ ያሸነፈው ኢትዮጵያ መድን ነበር። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 መቐለን፣ በ2017 ደግሞ መድንን ለዋንጫ ያበቁ ሰው ናቸው። በሦስት ክለብ ሦስት ዋንጫ! ይህን የሚያህል ታሪክ እንግሊዝ ውስጥ ቢሠራ የዲኤስቲቪው ቤት ሳምንት ሙሉ ያወራው ነበር። መድን ግን የከተማ ክለብ አይደለም፤ ባላንጣ ሆኖ የሚፎከርበት ጎረቤትም የለው። ዋንጫ አለው፤ የሚናደድበት የለውም።

ታዲያ አዊ የራሱ ክለብ ቢኖረውስ? ሐሳቡ ባዶ ምኞት አይደለም። ዩኒቨርሲቲን ከከተማ ክለብ ጋር አጣምሮ ፕሪሚየር ሊግ መድረስ እንደሚቻል ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ በ2010 አሳይቷል። እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ አላት። አሜሪካኖቹ ከተማንና ዩኒቨርሲቲን በአንድ ማልያ ያስተሳሰሩትም በዚሁ መንገድ ነው። የኢትዮጵያ ክለቦች ግን በአብዛኛው የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ በጀት ሲታጠፍ ደመወዝ ይቆማል፣ ደመወዝ ሲቆም ተጫዋች ይሄዳል። በግጭት መካከል ያለ ዞን ከመንገድና ከጤና ጣቢያ ቀድሞ ለአጥቂ ደመወዝ ይመድብ ማለትም ቀላል አይደለም።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ከሜዳው በፊት የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ስሙ ማን ይባል? «እንጅባራ ከተማ» ቢባል ዳንግላ ይደግፈዋል? «ዳንግላ» ቢባልስ የዞኑ መቀመጫ ዝም ይላል? «አዊ» ቢባል ደግሞ ልምምዱ የት ይሁን፣ የመጀመሪያው ጨዋታስ በማን ሜዳ ይካሄድ? ይህ ጥያቄ በዲኤስቲቪው ቤት አንድ ጊዜ ከተነሣ፣ የሁለተኛው አጋማሽ መጀመሩን የሚያስተውል ሰው አይገኝም።